ችካል

እሑድ ሥራ የለም፤ ዚፕ ቢበላሽ፣ ሱሪ ቢተረተር፣ ቢበጠስ፣
ሙሽራ ደጄ ላይ ቆማ ብታለቅስ።
ስድስት ቀን ጎብጬ ከመኪናው ላይ፣
ዓለምን በመርፌ ቀዳዳ ሳይ፣
ሰባተኛው መጣ፤ ቀና ልበል ዛሬ፣
ፊቱን በጨርቅ ይሸፈን፣ ይተኛ ሲንጀሬ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣ ታቦር ግርጌ ቆሞ
ይጠብቀኛል ጋሽ ላንቃሞ፤
ጡረተኛ ቀያሽ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣
አንዱ ጉልበት የሱ፣ አንዱ የሐኪም ቤቱ።
«ዘገየህ» ይለኛል፣ ሰዓቱን ሳያይ፤
ሌላ ሰላምታ የለውም ከዚህ በላይ።

በባጃጅ እስከ አላሙራ ሥር፣
ከዚያ በእግር።

ርምጃ ይቆጥራል፣ አርባ ዓመት የሠራበት አመሉ፤
መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር ያነሣል፣ ይከታል ከኪሱ።
ሲጠፋው ይቆማል። «ስንት ላይ ነበርን?» ይለኛል።
እኔ ምን አውቄ! «ሦስት መቶ አርባ» እላለሁ፤ ያምነኛል።

ከመንገዱ ወዲያ ተራራው ተቆርሷል፤
ኤክስካቫተር ጎኑን እንደ ዳቦ ገምሷል።
ቀዩ በጥቁር ላይ፣ ጥቁሩ በቢጫ፣
እንደ ሱቄ ጣቃ፣ ለዓይን ማማረጫ።
ሌላ ቦታ ገደል ወንዝ ነው ያበጀው፤
ይኼኛውን ሰው ነው፣ በበርሜል ነዳጅ የፈጀው።
የቤቴም ገረጋንቲ ከዚሁ ነው የመጣ፤
ስንት ዓመት ተኛሁ ተራራ ላይ፣ ተራራ ሳልወጣ!

ቀዩ ግድግዳ ላይ፣ ጡጫ በማያስገባ ሽንቁር
ንብ በሊታ ወፎች ጎጆ ወጥተዋል፣ ለየራሳቸው በር፤
ሲወጡ ሲገቡ፣ አረንጓዴ ክር።
ጋሽ ላንቃሞ ቆቡን አወለቀ፤ ትንሽ ዝም አለ።
«ካርታዬ ላይ እነዚህ አልነበሩም» አለ።

ሽቅቡ ጀመረ። ድንጋዩ ይንሸራተታል፤
የኔ ትንፋሽ ያጥራል፣ የሱ ጉልበት ይንቋቋል።
አንዲት ልጅ፣ ሽንኮራ እየመጠጠች፣ አለፈችን ሮጣ፤
«አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል!» አለችን። ዋሸችን፤
እግራችን ግን መጣ።

ጫፉ ላይ ነፋስ ነው። ሐይቁ፣ ሙሉ በሙሉ፣
ሳይተኮስ ተዘርግቷል፣ ከነጭምድዱ፣ ከነፈትሉ።
ከዓሣ ገበያው በላይ አባ ኮዳዎች ይዞራሉ፣
ከዚህ ሲታዩ የጤፍ ፍሬ ያህላሉ።
ታንኳዋ መርፌ ናት፤ የሳበችው ነጭ ክር
ቋጠሮ የለውም፣ ይፈታል ሳይከር።

የተቀቀለ በቆሎ በልተን፣ ከአንድ ኮዳ ጠጥተን፣
ሽማግሌው ጣቱን ቀሰረ። «አየኸው ያንን?»
«የቱን?»
«ከሸንበቆው ወዲህ፣ ውኃው ከሚያብረቀርቅበት፤
ጎረምሳ ሳለሁ ችካል የመታሁበት።
የሐይቁ ወሰን ይኼ ነው ብዬ፣ ሲሚንቶ አቡክቼ፣
ሦስት ቦታ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ…
ዛሬ አምባዛ ነው ጀርባውን የሚያክበት።»

«ጋሼ» አልኩት፣ ሙያዬ ነውና፣ «ጥፋቱ ያንተ ነው፤
እያደገ ላለ ልጅ በልኩ ቆረጥከው፣
ለእጥፋት ትርፍ ሳትተው።
እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው ልብስ ስሰፋ፣
እሱ ያለ መርፌ፣ ያለ ክር፣ ራሱ ሰፋ።»

ሳቀ። ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ፤
ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ፀሐይ በረታ።

ስንወርድ አልቆጠረም።
ቀዩ ገደል ጋ ግን ቆመና ኪሱን ገለበጠው፤
ጠጠሩ ረገፈ። «የራሱ ነው» አለኝ፣ «ልመልስለት እንጂ፣ ለምን ልውሰደው?»

ሰኞ የትምህርት ቤት ሱሪ መጣልኝ፣ የአንድ ቀጫጫ ልጅ።
ሦስት ጣት ነበር የምተወው እጥፋት፤ አራት አደረግሁት እንጂ።
«ምነው አበዛኸው?» አለች እናቱ፣ ጨርቁን ይዛ።
«ሐይቁን አይተሽዋል?» አልኳት።
ሲንጀሬን ረገጥሁ።